ከጨርቅ ማቅለሚያ እስከ ስብ ሕዋስ፤ የዕፀዋት ፍላቮኖይድ ምርምር ታሪክ

ጤና አዳም በአገራችን በብዙ ጓሮ የሚገኝ ተክል ነው። ቅጠሉ በቡና ስኒ ውስጥ ይጨመራል፤ ፍሬው ከበርበሬው ቅመም ጋራ ይወቀጣል፤ ሆዱን የቈረጠው ሰው ቅጠሉን አኝኮ ወይም ጨምቆ ይወስደዋል። ስሙ ራሱ የአዳምን ልጆች ጤና የሚጠብቅ መሆኑን ይናገራል። የዚህን ተክል የቅርብ ዘመድ የሆነውን የአውሮፓውን ዓይነት የላቲን ጸሐፊዎች ሩታ ይሉት ነበር። በ1842 አንድ ጀርመናዊ መድኀኒት ቀማሚ ከሩታ ቅጠል አንድ ቢጫ ንጥረ ነገር ለይቶ ቢያወጣ፥ ንጥረ ነገሩ በተክሉ ስም ሩቲን ተባለ። ሩቲን ዛሬ ፍላቮኖይድ እየተባሉ ከሚጠሩት፥ ቍጥራቸው ከስድስት ሺሕ በላይ ከሆነው የዕፀዋት ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ስለነዚህ ንጥረ ነገሮች አንድ አዲስ ነገር ይነገራል። ይኸውም የስብ ሕዋሳት እንዳያድጉ ያግዳሉ፥ ስለዚህም ሰውን ከውፍረት ያድናሉ የሚለው ነው። አባባሉ ከላቦራቶሪ ወጥቶ ወደ ገበያ ደርሷል፤ ቅጠል ሻጩም የሊቃውንትን ስም እየጠራ ይሸጥበታል። የባህል መድኀኒትን የሚመዘግብ ተማሪም አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር ብሎ ለመጻፍ ይፈተናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አባባሉ ከየት እንደ መጣ በታሪክ መንገድ መከታተልና ምን ያህሉ በማስረጃ የቆመ፥ ምን ያህሉ ደግሞ የተጨመረ መሆኑን መለየት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

፩፤ ቢጫው ቀለም

ፍላቮኖይድ የሚለው ስም ፍላቩስ ከሚለው የላቲን ቃል የወጣ ነው፤ ትርጓሜውም ቢጫ ማለት ነው። ሰዎች እነዚህን ንጥረ ነገሮች በመጀመሪያ የፈለጓቸው ለመድኀኒት ሳይሆን ለጨርቅ ማቅለሚያ መሆኑን ስሙ ያስታውሰናል። ኤድዋርድ ባንክሮፍት የተባሉት ሰው በሰሜን አሜሪካ ከሚበቅል ኦክ ከሚባል ዛፍ ቅርፊት ደማቅ ቢጫ ማቅለሚያ አዘጋጅተው ወደ እንግሊዝ አገር አስገቡ፤ በ1785ም የእንግሊዝ ፓርላማ በዚህ ማቅለሚያ የሚነግዱበትን ልዩ መብት ሰጣቸው። ከዚሁ ቅርፊት የተገኘው ዋናው ንጥረ ነገር በኋላ ኬርሴቲን ተባለ። ይህም ዛሬ በቀይ ሽንኩርት፥ በፖምና በሌሎችም ብዙ ተክሎች ውስጥ መኖሩ የታወቀ ነው። ከጤና አዳም ወገን የተገኘው ሩቲንም ከሁለት ዓይነት ስኳር ጋራ የተጣመረ ኬርሴቲን እንጂ ሌላ ነገር አይደለም።

በዚህ ዘመን ታሪክ ውስጥ አንድ ሰው ልዩ ስፍራ አላቸው። እርሳቸውም በ1786 ተወልደው በ1889 ያረፉት፥ ከመቶ ዓመት በላይ የኖሩት ፈረንሳዊው ሊቅ ሚሼል ኤውዤን ሼቭረል ናቸው። ሼቭረል በወጣትነታቸው የእንስሳትን ስብ መረመሩ። ሳሙና በሚሠራበት ጊዜ ስቡ በምን ዓይነት ነገሮች እንደሚከፋፈል አጥንተው፥ ስብ አንድ ወጥ ነገር ሳይሆን የስብ አሲዶችና ግሊሰሪን ተያይዘው የሚሠሩት መሆኑን አስረዱ። ምርምራቸውንም በ1823 በመጽሐፍ አሳተሙ። በሚከተለው ዓመት በ1824 ጎብለን በሚባለው የፓሪስ የምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኀላፊ ሆነው ተሾሙ። በዚያም ሳሉ የማቅለሚያ ተክሎችን ሲመረምሩ፥ አውሮፓውያን ከጥንት ጀምሮ ሱፍን ቢጫ ያቀልሙበት ከነበረው ተክል ሉቴኦሊን የተባለውን ፍላቮኖይድ በ1829 ለይተው አወጡ።

እንግዲህ የስብ ምንነትና የቢጫው ቀለም ምንነት በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተገናኝተው ነበር። ዳሩ ግን ሼቭረል ሁለቱን የሚያያይዝ ጥያቄ አላነሡም፤ ሊያነሡም አይችሉም ነበር። ሕዋስ የሕያዋን ሁሉ መሠረት ነው የሚለው ትምህርት ሽላይደን በ1838 ስለ ዕፀዋት፥ ሽቫን በ1839 ስለ እንስሳት ከጻፉ በኋላ የጸና ነውና። ጥያቄው እስኪነሣ ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ማለፍ ነበረበት።

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በሃያኛው መጀመሪያ የኬሚስትሪ ሊቃውንት የእነዚህን ንጥረ ነገሮች አሠራር ገለጡ። በስዊስ አገር በበርን ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ስታኒስላው ኮስታኔትስኪና ባልደረቦቻቸው በ1904 ኬርሴቲንን በላቦራቶሪ ከሌላ ነገር ሠርተው አሳዩ። የሁሉም አጥንት አንድ መሆኑ ታወቀ፤ ዐሥራ አምስት የካርቦን አቶሞች በሁለት ቀለበትና በመካከላቸው ባለች ድልድይ ተደርድረው ይገኛሉ። ልዩነታቸው በአጥንቱ ላይ በሚንጠለጠሉት ጥቃቅን ክፍሎች ነው። ይህ ልዩነት በዓይን ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ በሕዋስ ውስጥ አንዱ የሚሠራውን ሌላው እንዳይሠራ የሚያደርገው እርሱ ነው።

፪፤ ቫይታሚን የተባለበትና ስሙን ያጣበት ዘመን

ፍላቮኖይድ ከማቅለሚያ ቤት ወጥቶ ወደ ሐኪም ቤት የገባው በሃንጋሪ አገር ነው። አልበርት ሴንት ጆርጂ በሴገድ ከተማ የበርበሬ ዘመድ ከሆነው ከፓፕሪካ ብዙ ቫይታሚን ሲ አውጥተው ነበር፤ በ1937ም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከዚያ አስቀድሞ እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው አንድ እንግዳ ነገር አስተዋሉ። ደም ሥሮቻቸው ደክመው ከቈዳቸው በታች ደም የሚፈስሳቸው አንዳንድ በሽተኞች ንጹሕ ቫይታሚን ሲ ሲሰጣቸው አልተሻሉም፤ ያልተጣራ የሎሚ ወይም የፓፕሪካ ጭማቂ ሲሰጣቸው ግን ተሻሉ። ከዚህም የተነሣ በጭማቂው ውስጥ ያለው ፍላቮኖይድ ራሱን የቻለ ቫይታሚን ነው ብለው በ1936 «ቫይታሚን ፒ» የሚል ስም አወጡለት።

ስሙ በፍጥነት በዓለም ተሰማ፤ ለብዙ በሽታም ይታዘዝ ጀመር። ነገር ግን ቫይታሚን ለመባል አንድ ሕግ አለ። ንጥረ ነገሩ ከምግብ በጠፋ ጊዜ የታወቀ በሽታ መምጣት፥ በተመለሰ ጊዜም በሽታው መሄድ አለበት። ለፍላቮኖይድ ይህ ሊረጋገጥ አልቻለም፤ የመጀመሪያዎቹም ውጤቶች በሌሎች እጅ በትክክል አልተደገሙም። ስለዚህ በ1950 የአሜሪካ የባዮኬሚስትሪና የምግብ ሊቃውንት ማኅበራት ስሙ እንዲቀር አሳሰቡ።

ይህን ታሪክ በዚህ ስፍራ ያነሣነው ለማላገጥ አይደለም። ሴንት ጆርጂ ታላቅ ሊቅ ነበሩ፤ ያዩትም ነገር ከንቱ ነው ሊባል አይገባም። ነገር ግን ያዩትን ከተረጐሙት ነገር ጋራ ማዛመዱ ላይ ችኰላ ነበረ። ተመሳሳይ ነገር በዘመናችን ሲደገም የሚያይ ሰው ይህን ማስታወስ ይገባዋል።

ፍላቮኖይድ እንደ ገና ወደ መድረክ የተመለሰው በ1993 ነው። በዚያ ዓመት በሆላንድ አገር በዙትፈን ከተማ የሚኖሩ ዕድሜያቸው ከ65 እስከ 84 የሆነ 805 ወንዶች የተመዘገቡበት ጥናት ታተመ። በሻይ፥ በሽንኩርትና በፖም አማካይነት ብዙ ፍላቮኖል የሚመገቡት ሰዎች በልብ በሽታ የሚሞቱት ከሌሎቹ ባነሰ መጠን መሆኑን ጥናቱ አመለከተ። ይህ ዓይነት ጥናት አብረው የሚሄዱ ነገሮችን ያሳያል እንጂ አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑን አያረጋግጥም። ሆኖም የብዙ ተመራማሪዎችን ዓይን ወደ ፍላቮኖይድ መለሰ።

፫፤ የስብ ሕዋስ እንዴት ተጠና

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን እንለፍ። የስብ ሕዋስ ለረጅም ጊዜ ትርፍ ምግብ የሚከማችበት ከረጢት ብቻ ተደርጎ ይታይ ነበር። በ1960ዎቹ ዓመታት ግን በኒው ዮርክ በሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ጁልስ ሂርሽና ባልደረቦቻቸው የስብ ሕዋሳትን መቍጠርና መጠናቸውን መለካት ጀመሩ። ጥያቄያቸው ግልጽ ነበር። ሰው ሲወፍር የሚበዛው የሕዋሳቱ ቍጥር ነው ወይስ የእያንዳንዱ ሕዋስ ግዝፈት?

ይህን ለመመለስ የስብ ሕዋስ ሲወለድ ማየት ያስፈልግ ነበር፤ በሰው ገላ ውስጥ ግን ይህን ማየት አይቻልም። መንገዱን የከፈቱት ሃዋርድ ግሪን ናቸው። እርሳቸውና ጆርጅ ቶዳሮ በ1963 ከአይጥ ፅንስ የተወሰዱ፥ በመስታወት ሳሕን ውስጥ ያለ ማቋረጥ የሚራቡ ሕዋሳት ማዘጋጀታቸውን አስታወቁ። ሕዋሳቱ በየሦስት ቀኑ፥ በየጊዜውም 300,000 እየሆኑ ወደ አዲስ ሳሕን ይዛወሩ ስለ ነበር «3ቲ3» ተባሉ። ከዐሥር ዓመት በኋላ ግሪንና ኬሂንዴ የተባሉት ባልደረባቸው ከእነዚህ ሕዋሳት አንዳንዶቹ ማደግ ባቆሙ ጊዜ በውስጣቸው የስብ ጠብታ እንደሚያጠራቅሙ አስተዋሉ። እነዚያን ለይተው አራቡና በ1974 «3ቲ3-ኤል1» የተባለውን ዘር ለሳይንስ አበረከቱ። ዛሬ ስለ ስብ ሕዋስ አፈጣጠር ከምናውቀው ነገር ብዙው የተገኘው ከዚህ አንድ የአይጥ ሕዋስ ዘር ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ሕዋሳቱ ሳሕኑን እስኪሞሉ ድረስ ይራባሉ፤ ከዚያም እርስ በርሳቸው ሲነካኩ መራባታቸውን ያቆማሉ። በዚህ ጊዜ ኢንሱሊን፥ ዴክሳሜታዞን የተባለ መድኀኒትና የካፌይን ዘመድ የሆነ አንድ ንጥረ ነገር በአንድነት ይጨመርባቸዋል። ሕዋሳቱ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ እንደ ገና ይከፋፈላሉ፤ ከዚያም መልካቸውን ለውጠው ክብ ይሆናሉ፤ በጥቂት ቀኖችም ውስጥ በስብ ጠብታ ይሞላሉ። ተመራማሪው ስብን ብቻ የሚያቀልም ቀይ ቀለም ሲያፈስስባቸው ሳሕኑ ይቀላል፤ የቅላቱም መጠን ምን ያህል ስብ እንደ ተጠራቀመ ያመለክታል።

በሕዋሱ ውስጥ ይህን ለውጥ የሚያዝዙት ፕሮቲኖች አንድ በአንድ ታወቁ። መጀመሪያ ሲኢቢፒ ቤታ የተባለው ይነቃል፤ እርሱም ሲኢቢፒ አልፋንና ፒፓር ጋማ የተባለውን ያስነሣል። ብሩስ ስፒገልማንና ባልደረቦቻቸው በ1994 ፒፓር ጋማ የተባለው ፕሮቲን ተራውን ሕዋስ ወደ ስብ ሕዋስ ለመለወጥ የሚያስችል ዋና አዛዥ መሆኑን አስረዱ። በዚያው ዓመት ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን ተገኘ፤ የስብ ሕዋስ ለአንጎል መልእክት የሚልክ የገላ ክፍል እንጂ ዝም ያለ ከረጢት አለመሆኑም ተረጋገጠ።

ሂርሽ ላነሡት ጥያቄ ግን ትልቁ መልስ የመጣው ባልተጠበቀ መንገድ ነው። ኀያላን መንግሥታት እስከ 1963 ድረስ በአየር ላይ ያፈነዱት የኑክሌር ቦምብ በዓለም ሁሉ አየር ውስጥ ያለውን ካርቦን 14 የተባለ ንጥረ ነገር አብዝቶት ነበር። ዕፀዋት ከአየር፥ ሰውም ከዕፀዋት ስለሚወስደው፥ እያንዳንዱ ሕዋስ በተወለደበት ጊዜ የነበረውን የካርቦን መጠን በዘረ መሉ ውስጥ እንደ ማኅተም ይዞ ይኖራል። በስዊድን አገር ኪርስቲ ስፖልዲንግና ባልደረቦቻቸው ይህን ማኅተም አንብበው በ2008 ውጤቱን አሳተሙ። የሰው የስብ ሕዋሳት ቍጥር በልጅነትና በወጣትነት ጊዜ ይወሰናል፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ከመቶ ዐሥር ያህሉ ሞተው በሌሎች ቢተኩም ድምሩ አይለወጥም። ከባድ ውፍረት ያላቸው ሰዎች በቀዶ ሕክምና ከስተው እንኳ የሕዋሳቱ ግዝፈት ቀነሰ እንጂ ቍጥራቸው አልቀነሰም።

፬፤ ቢጫው ንጥረ ነገርና የስብ ሕዋስ ሲገናኙ

ሁለቱ ወንዞች የተገናኙት በሃያኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። ለምሳሌ የሚበቃን ጄኒስቴይን የተባለው ፍላቮኖይድ ነው። ይህም በ1899 ጄኒስታ ከሚባል ቢጫ አበባ ካለው የማቅለሚያ ተክል የተገኘ ሲሆን በአኩሪ አተር ውስጥ በብዛት ይገኛል። በ1987 የጃፓን ተመራማሪዎች ይህ ንጥረ ነገር በሕዋስ ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፉ አንዳንድ ኤንዛይሞችን እንደሚያግድ አሳዩ። የስብ ሕዋስ መፈጠር በእንደዚህ ያለ መልእክት የሚመራ ስለሆነ፥ ጄኒስቴይን በ3ቲ3-ኤል1 ላይ ቢፈስስ ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ በቀላሉ የሚነሣ ነበር።

ሃርመንና ሃርፕ በ2001 ባሳተሙት ጥናት ሁለት ፍላቮኖይዶችን አወዳደሩ፤ አንዱ ጄኒስቴይን፥ ሁለተኛው በብርቱካን ወገን ፍሬዎች የሚገኘው ናሪንጄኒን ነው። ሁለቱም ሕዋሳቱ እንዳይራቡ አገዱ። ስብ ሕዋስ እንዳይሆኑ ያገዳቸው ግን ጄኒስቴይን ብቻ ነው፤ ይህንንም የሚያደርገው ሲኢቢፒ ቤታ የተባለው አዛዥ በዘረ መሉ ላይ እንዳያርፍ በመከልከል መሆኑን በኋላ የወጣ ጥናት አመለከተ። ናሪንጄኒን የታከለባቸው ሕዋሳት በቍጥር ቢያንሱም ስብ ሕዋስ ከመሆን አልቀሩም። ከዚህ የምንማረው ፍላቮኖይድ ሁሉ በአንድ ስም ቢጠራም ሥራው አንድ አለመሆኑን ነው። «ይህ ቅጠል ፍላቮኖይድ አለው፥ ስለዚህ ስብን ያግዳል» የሚለው አነጋገር ከመነሻው የተሳሳተ የሚሆነውም በዚሁ ነው።

ከዚያ ወዲህ አያሌ ጥናቶች ወጡ። ከእነርሱ የታወቁትን መንገዶች በአራት ልንከፍላቸው እንችላለን። አንደኛው ሕዋሱ ከመለወጡ በፊት የሚያደርገውን መከፋፈል ማገድ ነው። ሁለተኛው ፒፓር ጋማንና ሲኢቢፒን የመሰሉትን አዛዦች ማዳከም ነው። ሦስተኛው የሕዋሱን የኀይል ሚዛን የሚጠብቀውን ኤኤምፒኬ የተባለውን ኤንዛይም ማንቃት ነው፤ ይህ ኤንዛይም ሲነቃ ሕዋሱ ስብ መሥራቱን ትቶ ያለውን ማቃጠል ይጀምራል። አራተኛው ሕዋሱ በሥርዐት እንዲሞት ማድረግ ነው። በኮርያ የተሠራና በ2008 የታተመ ጥናት ኬርሴቲን ኤኤምፒኬን እንደሚያነቃና የስብ ሕዋሳትን እንደሚገድል አመለከተ፤ በአረንጓዴ ሻይ ውስጥ ስላለው ዋና ካቴኪንም ተመሳሳይ ውጤት ተጽፏል።

ነገር ግን ከዚህ ጋራ የሚጋጭ ማስረጃም አልጠፋም። በ2003 የሆላንድ ተመራማሪዎች አጥንትም ስብም ሊሆኑ በሚችሉ የአይጥ ሕዋሳት ላይ ጄኒስቴይንን በተለያየ መጠን ሞከሩ። በትንሽ መጠን ሲጨመር እንደ ኤስትሮጅን ሆርሞን ሆኖ የአጥንትን ወገን አበዛ፥ የስብን ወገን አሳነሰ። በብዙ መጠን ሲጨመር ግን ራሱ ፒፓር ጋማን ቀስቅሶ የስብን ሕዋሳት አበዛ። በ2006 ደግሞ በሕያዋን አይጦች ላይ የተደረገ ጥናት፥ በምግብ ሊገኝ በሚችል ትንሽ መጠን ጄኒስቴይን በወንዶቹ ላይ ስብን እንደ ጨመረ፥ በብዙ መጠን ግን እንደ ቀነሰ አስረዳ። እንግዲህ ያው ንጥረ ነገር እንደ መጠኑ፥ እንደ ሕዋሱ ዓይነትና እንደ ፆታው አንዴ አጋጅ፥ አንዴ አጋዥ ሆኖ ይገኛል።

፭፤ ሳሕኑ የማይናገረው

ከላይ የተጻፈው ሁሉ በጥንቃቄ የተሠራ ሥራ ነው። ከሳሕኑ ወደ ሰው ለመሻገር ግን ሦስት ወንዞች አሉ።

የመጀመሪያው የመጠን ነገር ነው። በላቦራቶሪ ሕዋሳቱ ላይ የሚፈስሰው ፍላቮኖይድ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 100 ማይክሮሞላር ይሆናል። ሰው ሽንኩርት በልቶ ወይም ሻይ ጠጥቶ በደሙ ውስጥ የሚገኘው ግን ብዙውን ጊዜ ከ1 ማይክሮሞላር በታች ነው፤ ቢበዛ ጥቂት ማይክሮሞላር ይደርሳል። ያውም እንዳለ አይገኝም። አንጀትና ጉበት ከሌሎች ነገሮች ጋራ አጣምረው መልኩን ይለውጡታል፤ በአንጀት ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎችም ከፊሉን ይሰባብሩታል። በሳሕን የተፈተነው አንድ ነገር፥ ወደ ስብ ሕዋስ የሚደርሰው ሌላ ነገር ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው የዕድሜ ነገር ነው። ሳሕኑ የሚያሳየው አዲስ ስብ ሕዋስ ሲወለድ ነው። በ2008 እንደ ታወቀው ግን የጎልማሳ ሰው የስብ ሕዋስ ቍጥር አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ስለዚህ መወለድን የሚያግድ ነገር ተገኘ ማለት የጎልማሳውን ውፍረት የሚቀንስ ነገር ተገኘ ማለት አይሆንም።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ይህም የስብ ሕዋስን ማገድ በራሱ መልካም ነገር ነው ወይ የሚለው ነው። ከልደታቸው ጀምሮ የስብ ሕዋስ የሌላቸው ወይም ያነሳቸው ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ጤነኞች አይደሉም። ማከማቻ ያጣው ስብ ወደ ጉበትና ወደ ጡንቻ ገብቶ ጽኑ የስኳር በሽታ ያመጣባቸዋል። በ1999 የታወቀው አንድ የቤተ ሰብ በሽታም ያንኑ ፒፓር ጋማ የተባለውን አዛዥ ከሚያበላሽ የዘር ጉድለት የሚመጣ ነው። በአንጻሩ ፒፓር ጋማን የሚቀሰቅሱ መድኀኒቶች በሽተኛውን ትንሽ ቢያወፍሩትም የስኳር በሽታውን ያሻሽሉለታል። ጎተራ የሌለው ገበሬ እህሉ በዝናብና በነቀዝ ይጠፋበታል እንጂ ቀለብ አያተርፍም፤ የስብ ሕዋስም ነገር እንዲሁ ነው።

በሰዎች ላይ የተደረጉትም ፈተናዎች ይህን ጥንቃቄ ይደግፋሉ። በ2012 ኮክሬን የተባለው ድርጅት ወፍራም በሆኑ ሰዎች ላይ ስለ አረንጓዴ ሻይ የተደረጉትን ፈተናዎች ሰብስቦ መረመረ። የተገኘው የክብደት ቅነሳ እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ ለሕክምና ይጠቅማል ለማለት እንደማያስችል አስታወቀ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ከተደረገ የሳሕን ጥናት በኋላ የስብ ሕዋስን አግዶ ሰውን የሚያከሳ መሆኑ የተረጋገጠ የፍላቮኖይድ መድኀኒት የለም።

፮፤ ለባህል መድኀኒት መዝጋቢ የሚተርፍ ነገር

ይህ ታሪክ የአገራችንን ባህል የሚያጠናውን ሰው የሚመለከተው ለምንድን ነው? በአገራችን ፍላቮኖይድ የበዛባቸው ተክሎች ብዙዎች ናቸው። በኮንሶና በአካባቢው የሚተከለው፥ ቅጠሉ እንደ ጎመን ተቀቅሎ የሚበላው ሽፈራው ሩቲን እንዳለው ተመርምሯል፤ የወጣችን መሠረት የሆነው ቀይ ሽንኩርትም ኬርሴቲን አለው። ስለዚህ ከላይ የተባለውን አባባል ወደ እኛ ማምጣት እጅግ ቀላል ነው። ቀላልነቱም አደጋው ነው።

አንደኛ፥ አባቶቻችንና እናቶቻችን እነዚህን ተክሎች ለመክሳት አልተጠቀሙባቸውም። ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። «ወፈርህ» ማለት በአብዛኛው የምስጋና ቃል ነበር፤ «ምነው ከሳህ» ማለት ደግሞ ሕመም ወይም ኀዘን ገጥሞህ ይሆን ብሎ መጠየቅ ነው። ስለ ስብም ያለን ቃል ብዙ ነው፤ ጮማው ለክብር እንግዳ የሚቀርብ፥ ሞራው ደግሞ ሞራ ገላጩ የሚመጣውን ዘመን የሚያነብበት ነበር። ራብን በሚያውቅ ሕዝብ ዘንድ ስብ የሀብትና የደኅንነት ምልክት ነው። ሽፈራውም በኮንሶ ዘንድ ዋጋው ዝናብ ባነሰበት ዘመን ሰውን በማጥገቡ ነው። ይህን ተክል «የማክሻ ቅጠል» ብሎ መመዝገብ የባለቤቱን ዕውቀት ማክበር አይደለም፤ የሌላ አገር ምኞት በእርሱ አፍ ማናገር ነው።

ሁለተኛ፥ ቅጠል የአንድ ንጥረ ነገር ከረጢት አይደለም። በጤና አዳም ውስጥ ያለው ሩቲን ብቻ አይደለም፤ የነካውን ቈዳ ፀሐይ ሲያገኘው የሚያቃጥሉ ሌሎች ንጥረ ነገሮችም አሉበት፤ በብዛት የተወሰደ እንደ ሆነም ለነፍሰ ጡር ሴት አደገኛ ነው። በቡና ስኒ አንድ ቅርንጫፍ ሲጨመር ምንም የማያደርገው ተክል፥ ፍላቮኖይድ አለው ተብሎ በብዛት ተቀቅሎ ሲጠጣ ሌላ ነገር ይሆናል። የባህሉ መጠን ከብዙ ዘመን ልምድ የተገኘ መጠን ነው፤ ከላቦራቶሪ የተወሰደ ስም ይህን መጠን እንዲሽር መፍቀድ አይገባም።

ሦስተኛ፥ መዝጋቢው ሊሠራው የሚችል፥ የላቦራቶሪ ሰው ግን ሊሠራው የማይችል ሥራ አለ። ተክሉ በየአካባቢው ምን ተብሎ ይጠራል? የሚወሰደው ሥሩ ነው፥ ቅጠሉ ወይስ ፍሬው? በስንተኛው ወር ይለቀማል? በውሃ ይፈላል፥ በማር ይለወሳል ወይስ ጥሬውን ይታኘካል? መጠኑስ በምን ይለካል? ለማን ይሰጣል፥ ለማንስ ይከለከላል? የታማሚውን ሕመም ባለ መድኀኒቱ በራሱ ቃል ምን ብሎ ይጠራዋል? እነዚህ ጥያቄዎች ተመልሰው በጽሑፍ ከተቀመጡ፥ ወደ ፊት የሚመጣው ተመራማሪ ከእውነተኛው አጠቃቀም ተነሥቶ ሊመረምር ይችላል። ባለ ዕውቀቶቹ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ሳይጠየቁ ካለፉ ግን ንጥረ ነገሩ በሳሕን ውስጥ ቢገኝ እንኳ ትርጓሜው አይገኝም።

ማጠቃለያ

የፍላቮኖይድን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ቅጠሉ ያው ነው፤ የሚለዋወጠው ከቅጠሉ የሚፈለገው ነገር ነው። ሱፍ ነጋዴው ዘመን ከእርሱ ቀለም ፈለገ፥ አገኘም። የቫይታሚን ዘመን ቫይታሚን ፈለገበት፥ ያገኘም መሰለው፤ በኋላም ስሙን መለሰ። ጥጋብ ሕመም የሆነበት የእኛ ዘመን ደግሞ መክሳትን ይፈልግበታል። ከ2001 ጀምሮ የተሠሩት ጥናቶች የስብ ሕዋስ እንዴት እንደሚወለድና የትኛው ንጥረ ነገር በየትኛው በር እንደሚገባ በትክክል አስተምረውናል፤ ይህ በራሱ ታላቅ ዕውቀት ነው። ነገር ግን በሳሕን የታየውን ለሰው፥ ለአንዱ ንጥረ ነገር የታየውን ለቅጠሉ ሁሉ፥ ዛሬ የተፈለገውን ለትናንት አባቶች መስጠት ከዕውቀት ማነስ የሚመጣ ነው።

ጤና አዳም በጓሮአችን ይኑር፤ በቡናችንም ላይ መዓዛው አይጥፋ። ስለ እርሱ የምንጽፈው ግን ባለቤቶቹ ያሉትንና መርማሪዎች ያረጋገጡትን ለየብቻ አስቀምጠን ይሁን። ሁለቱ በአንድ ስፍራ በእውነት የሚገናኙበት ቀን ሲመጣ፥ ያን ጊዜ ለመመስከር የሚበቃ መዝገብ ይኖረናል።